መልስ፦ አረቄ በኮለም ስታወጣ ቴርሞሜትሩ 78 ዲግሪ አልደርስ ላለህና አረቄው ለቀጠነብህ ወንድም

ቴርሞሜትርህ ደህና ነው አትጣለው። ኮለሙ (ከማፍያው በላይ የሚቆመው ሽቦ የተሞላ ቱቦ) ጫፍ ላይ 74 ገደማ ይቆማል ያልከው ልክ ነው፣ 78 እኮ አልኮል በባህር ጠለል ላይ የሚፈላበት ቁጥር ነው፣ ሀዋሳ 1700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቱ ያንሳል፣ ውሃ ራሱ እዚህ በ94 ምናምን ነው የሚፈላው አልኮሉም አብሮ ይወርዳል። ካላመንክ ንጹህ ውሃ አፍላና እንፋሎቱ ላይ አንብብ።

አረቄው ለምን ቀጠነብኝ (አልኮሉ አነሰብኝ) ላልከው ግን እኔ እሳቱን ነው የምጠረጥረው። ኮለም የሚጠቅመው እንፋሎቱ ወደ ላይ ሲወጣ ከፊሉ ቀዝቅዞ ተመልሶ ሲወርድ ሁለቱ ሽቦው ላይ ስለሚገናኙ ነው፣ ዳግም አረቄ ሁለቴ የሚወጣውን እዛው ቱቦ ውስጥ ደጋግመህ እንደማውጣት በለው። ቡታጋዙን ለቀህ ሁሉንም ወደ ጠርሙስ ካሳለፍከው ግን ረጅም ቱቦ ነው ያለህ፣ በቃ። መጀመሪያ ምንም ሳትቀዳ ሙቀቱ እስኪረጋ ሁሉም ወደ ታች ይመለስ፣ ከዛ ጠብ ጠብ እያደረግክ ውሰድ። ሽቦውንም አትጠቅጥቀው፣ ፈሳሹ መውረጃ አጥቶ ላይ ይጠራቀምና ቱቦው ውስጥ ጉልጉል ሲል ትሰማዋለህ፣ ያኔ እሳት ቀንስ።

ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ቱቦውን ግን በናትህ አውጣው፣ በእርሳስ የተበየደም ነገር አይግባ፣ መርዝ ነው። ስቴንለስ ወይ መዳብ ይሁን (መዳብ የሰልፈሩን ሽታም ይይዝልሃል)። የሚወጣበት ጫፍ ምንጊዜም ክፍት ይሁን፣ መጀመሪያ የሚወጣውን ድፋው፣ እሳቱን ትተህም ወደ ሱቅ እንዳትሄድ። የቱቦህ ቁመትና ውፍረት ስንት ነው?