ማሽኑ አንድ፣ የሰው ብዛቱ አንድ፤ ምርቱ ለምን ተለያየ?

ጥያቄ፦ ሁለት የሸሚዝ ስፌት ክፍሎችን አስተዳድራለሁ። በሁለቱም 10 ሠራተኛ በቀን 8 ሰዓት ይሠራል፤ ማሽኑም አንድ ዓይነት ነው። አንዱ 400 ሸሚዝ ሲያወጣ ሌላው ከ240 አያልፍም። የደካማውን ክፍል ሠራተኞች ሥልጠና ላስገባቸው?

መልስ፦ አይቸኩሉ። በአሜሪካ ፋብሪካዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ተመሳሳይ ምርት ከሚያመርቱት መካከል ጠንካራዎቹ በእኩል ግብዓት ከደካሞቹ ሁለት እጥፍ ገደማ ያወጣሉ። ክህሎት የዚህ ልዩነት አንድ ክፍል ብቻ ነው።

መጀመሪያ የክህሎቱን ድርሻ ይለዩ። ፍተሻ ያለፈውን ሸሚዝ ብቻ ቆጥረው ለተሠራበት ሰዓት ያካፍሉ። ለሰው ቁጥር ማካፈል ትርፍ ሰዓትንና ቀሪን ይደብቃል። የእርስዎ ክፍሎች በአንድ ሰው በሰዓት 5 እና 3 ያወጣሉ፤ ልዩነቱ 1.67 እጥፍ ነው። ደመወዝ ክህሎትን ይከተላል ብለን እንውሰድ፤ የጠንካራው ክፍል አማካይ ደመወዝ በ20 በመቶ የሚበልጥ ከሆነ የ10ሩን ሠራተኛ 80 ሰዓት እንደ 96 ይቁጠሩት። 400 ለ96 ሲካፈል 4.17 ይሆናል፤ ልዩነቱም ወደ 1.39 ይወርዳል። (ደመወዝ በአገልግሎት ዘመን ብቻ በሚያድግበት ቤት ይህ ስሌት ያሳስታል። እዚያ ሁሉንም ሰው አንድ ዓይነት ስፌት አሰፍቶ ሰዓት መያዝ ይሻላል።)

የቀረውን ልዩነት በሥራ ድልድሉ ውስጥ ይፈልጉት። ግማሽ የተሰፋው ሸሚዝ የት ላይ ነው የሚቆለለው? ኮሌታ የሚገጥመው ሰው ፊት ከሆነ፣ እሱም ብቻውን ሆኖ ለአንዱ 2 ደቂቃ ከፈጀበት፣ በሰዓት 30፣ በቀን 240 ይወጣል፤ ያው የእርስዎ ቁጥር። ሌሎቹ 9 ቢሠለጥኑ ቁልሉ ያድጋል እንጂ አንድ ሸሚዝ አይጨምርም። ሥራ ሲጠብቅ የሚውለውን ሰው ኮሌታ ላይ ይጨምሩ። ያኔ ማነቆው ቦታ ይለውጣል፤ እጅጌ 1.5 ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ መስመሩ 320 ላይ ይቆማል። ቀጥሎ የሚፈታው እሱ ነው።

የተካነ ልብስ ሰፊ ጨርቅ ሲሸከምና ክር ሲፈልግ መዋሉም የተለመደ ነው። ሦስቱ በቀን ሁለት ሁለት ሰዓት ካጠፉ እጅግ ውድ የሆነው 6 ሰዓት ባከነ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ከጠንካራው ክፍል አንድ ጎበዝ ላዛውርስ?

መልስ፦ ማነቆው ላይ የሚያስቀምጡት ከሆነ ይጠቅማል። ሥልጠናም ቢሆን እዚያው ይጀመር፤ ያንን ሥራ ቢያንስ ሁለት ሰው ይልመደው፣ አለዚያ አንዱ በቀረ ቀን መስመሩ ይቆማል።