በውሻ ተጀምሮ በእስልምና ስለሚያልቅ ክርክር

ውጭ አገር የምትኖሩ የጎጃም ልጆች፣ ይህን የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። እናንተ ባላችሁበት አገር ብዙ ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ፤ ልጆችም ውሻም አሳድጌ ተመልሻለሁ። ሰሞኑን ከብዙዎቻችሁ የምሰማው አንድ ዓይነት ወሬ አሳስቦኛል። ሲጀምር ቀላል ነው። ውሻችሁን ይዛችሁ አሳንሰር ስትገቡ ሒጃብ የለበሰች ጎረቤታችሁ ወደ ጥግ ትሸሻለች፤ ወይም ሶማሌው ጎረቤታችሁ ከሩቅ ሲያያችሁ መንገድ ይሻገራል። እናንተም ተናቅን ብላችሁ ትናደዳላችሁ። ማታ ቲክቶክ ላይ ላይቭ ስትገቡ ነገሩ ከውሻው ይወጣና ስለ ቁርአን፣ ስለ ግራኝ፣ ስለ አገር ቤት ሙስሊም ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚይዘው የለም።

እስልምናን አትተቹ ልላችሁ አይደለም። ሃይማኖትን መጠየቅና መተቸት የሰው መብት ነው፤ የእኔንም ጨምሮ። የምላችሁ የምትተቹትን ነገር ዕወቁት፣ ቃላችሁ ማን ላይ እንደሚያርፍም አስቡበት ነው። አስቀድመን ግን የውሻውን ነገር እንጨርስ።

እናቴ ቤት ውሻው ከደጃፍ አያልፍም ነበር። ትራፊው ደጅ በተቀመጠ ገል ይሰጠዋል። ድስት ከላሰ ዕቃው በአመድ ተፈትጎ በፈላ ውሃ ታጥቦ ነው ወደ ጓዳ የሚመለሰው፤ ጨርሳ ዕቃውን የምትጥልም ሴት ነበረች። ቅጥረ ቤተ ክርስቲያን የገባ ውሻ በድንጋይ ይባረራል። ድመቷ ግን ምድጃው ዳር ትተኛለች፤ ጎተራውን ከአይጥ የምትጠብቅ እሷ ናትና ማንም አይነካትም። አሁን ደግሞ ከእስልምና የሕግ ትምህርት ቤቶች (መዝሀቦች) አንዱ የሆነው የሻፊዒ መዝሀብ የሚለውን ስሙ፦ ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠብ፣ ከሰባቱ አንዱ በአፈር ይሁን። ድመት ግን ንጹህ ናት፤ ከጠጣችበት ውሃ ውዱእ፣ ማለት ከሶላት በፊት ያለውን መታጠብ፣ ማድረግ ይቻላል። የእናቴን ቤትና የሙስሊም ጎረቤታችንን ቤት ጎን ለጎን ብታስተያዩ በውሻ ጉዳይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አታገኙም። እናንተ ውሻ ሶፋ ላይ ማስተኛት የጀመራችሁት ትናንት ነው፤ ጎረቤታችሁን ደግሞ ያያቶቻችሁን ልማድ ስለጠበቀች ኋላ ቀር ትሏታላችሁ።

በእስልምና ውስጥም ቢሆን ድምፁ አንድ አይደለም። የማሊኪ መዝሀብ ውሻ በአካሉ ንጹህ ነው ይላል። ቁርአን አምስተኛው ምዕራፍ የሰለጠነ አዳኝ ውሻ የያዘውን አውሬ መብላት ይፈቅዳል፤ አሥራ ስምንተኛው ምዕራፍ ደግሞ ዋሻ ውስጥ ከተኙት ወጣቶች ጋር ደጃፍ ላይ ስለተኛው ውሻ ይናገራል። የነቢዩ ንግግርና ሥራ በተመዘገበበት ሐዲስ ውስጥ አንድ መንገደኛ በጥም ምላሱን ላወጣ ውሻ ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውሃ ቀድቶ ስላጠጣው ኃጢአቱ እንደተማረለት፣ ድመት አስራ በረሃብ የገደለች ሴት ደግሞ እንደተቀጣች ተጽፏል። ይህን ሁሉ ሳያነቡ «እስልምና እንስሳ ይጠላል» ብሎ መናገር ትችት አይባልም።

ያቺ ሴት የሸሸችው ጠልታችሁ አይደለም። እንደ ሻፊዒ ያለውን መዝሀብ የምትከተል ከሆነ የውሻው ምራቅ ቀሚሷን ከነካው ለሶላት ማጠብ አለባት፤ በቀን አምስት ጊዜ ትሰግዳለች። ስለዚህ ገመዱን አሳጥራችሁ ያዙ፣ ወይም «እናንተ ቅደሙ፣ እኔ በሚቀጥለው እመጣለሁ» በሉ። በእኔ ፎቅ ይኖሩ የነበሩ አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ ይህን ካደረግሁላቸው በኋላ ውሻዬን ከሩቅ በስሙ እየጠሩ ደኅንነቱን ይጠይቁኝ ነበር። ሙስሊም ወንድሞቼም ታክሲ የምትነዱ ከሆነ የዓይነ ስውር መሪ ውሻ አልጭንም ማለት በአሜሪካም በእንግሊዝም ሕግ ያስቀጣል። በ2008 እ.ኤ.አ. በእንግሊዟ ሌስተር ከተማ አንድ መስጊድ ዓይነ ስውር ወጣት ከመሪ ውሻው ጋር እንዲመጣ ፈቅዶ፣ ልጁ ሲሰግድ ውሻው የሚያርፍበት ቦታ አዘጋጅቶለታል። ሰው ተቀምጦ ከተነጋገረ መንገድ ያገኛል።

ውሻውን በሚመለከት ከሃይማኖቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ማዕዳችን ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ይሁን የበሰለ፣ የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል። የእኛ ወጥ ደግሞ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። በፋሲካ ማግስት ከድስቱ የተረፈውን ዶሮ ወጥ «እሱም ይፈስክ» ብላችሁ አትስጡት፤ የበሰለ የዶሮ አጥንትም እየተሰነጠቀ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ዘቢብና ቸኮሌትም ለውሻ መርዝ ናቸው። ከበላ በኋላ ድዱ ከነጣ፣ ሽንቱ ከጠቆረ፣ አቅም ካጣ ሳታድሩ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዱት።

ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስትመጡ ሌላ ነገር አለ። እዚያ ያደገ ልጅ ውሻ ሁሉ የሚታቀፍ ይመስለዋል፤ እዚህ መንደር ያለው ውሻ አብዛኛው አልተከተበም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። ልጁ ከተነከሰ፣ ቧጨራም ቢሆን፣ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡትና በዚያው ቀን ለክትባት ወደ ሆስፒታል ሩጡ። አያቱ ጠበል ይወሰድ ካሉ እሺ በሏቸው፤ ግን ሐኪም ቤቱ ይቅደም። ልጁ ከቡችላ ጋር ተዋዶ «ይዘነው እንሂድ» ቢል ደግሞ ካሁኑ ዕወቁት፦ ከነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዕድሜው ከ6 ወር በታች የሆነ ወይም ማይክሮቺፕ የሌለው ውሻ አሜሪካ አይገባም። ለአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን በኋላ ደሙ ተመርምሮ ከዚያ 3 ወር መጠበቅ አለበት።

መንገዱ ሰላም ሲሆን ጮቄን አሳዩአቸው፤ ከዚያ ተራራ ስንት ወንዝ ወደ ዓባይ እንደሚወርድ ይዩ። ዘጌንም አሳዩአቸው፤ በሬ ጠምዶ ማረስ ነውር ሆኖ ስለኖረ ነው ጫካውና ቡናው እስካሁን የቆየው። ካህናቱ በደብሩ ዙሪያ ዛፍ እንዳይቆረጥ እንደሚጠብቁት ሁሉ የሙስሊም መቃብር ባለበትም ዛፍ ሲጠበቅ አይታችኋል። ልጆቹ ሁለቱንም ይዩ።

ወደ ትችቱ ልመለስ። ሊተች የሚገባው ነገር አለ፤ ማድበስበስ አልወድም። ከእስልምና የወጣ ሰው ይገደል የሚለው የቀደሙት የሕግ ሊቃውንት ብይን አሁንም ባንዳንድ አገር ሕግ ውስጥ አለ፤ እኔ ግፍ ነው እላለሁ። ፓኪስታን ውስጥ ነቢዩን ሰደበ የተባለ ሰው በሞት ይቀጣል። አሲያ ቢቢ የተባለች ክርስቲያን የገጠር ሠራተኛ በዚሁ ሕግ በ2010 እ.ኤ.አ. ሞት ተፈርዶባት በ2018 ነፃ ወጥታለች። ነገር ግን ይህንንም ስትናገሩ ሳትቆርጡ ተናገሩ። ለእሷ ተከራክሮ በ2011 በገዛ ጠባቂው የተገደለው የፑንጃብ አገረ ገዥ ሳልማን ታሲር ሙስሊም ነበር። «በሃይማኖት ማስገደድ የለም» የሚለውን የቁርአን ቃል ይዘው ያንን ብይን የሚሞግቱም ራሳቸው ሙስሊም ሊቃውንት ናቸው። ከስድብ አዳራሽ ይልቅ እነሱን አንብቡ።

ከቤይሩትና ከሪያድ የተመለሳችሁ እህቶቼ ቁስላችሁን አውቃለሁ፤ እዚህ ሰፈር ምን ሆነው እንደተመለሱ በዓይኔ ያየኋቸው አሉ። ያንን ስትናገሩ ማንም ዝም ሊያሰኛችሁ አይገባም። ግን ጥፋቱን በስሙ ጥሩት፤ የሠራተኛዋን መኖሪያ ፈቃድ በአሠሪዋ እጅ የሚያስር ከፋላ የሚባል አሠራር ነው። ሊባኖስ ውስጥ ክርስቲያን አሠሪዎችም በዚያው አሠራር ይቀጥራሉ፤ ከወሎ የሄደችው ሙስሊሟ ልጅም ከእናንተ እኩል ተደብድባለች። እሷ ከጎናችሁ ልትቆም የምትችል ሰው ናት፤ በሃይማኖቷ ስትሰድቧት ታጧታላችሁ።

ታሪክም ስትጠቅሱ ሙሉውን ጥቀሱ። ግራኝ አህመድ በ1543 እ.ኤ.አ. ወይና ደጋ ላይ እስኪሞት ድረስ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጥሏል፤ እውነት ነው። ከ1878ቱ እ.ኤ.አ. የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ ደግሞ አፄ ዮሐንስ አራተኛ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ አዝዘዋል፤ ይህም እውነት ነው። በእኛው ጎጃም የጁቤ ባሶ ገበያ ከዓባይ ማዶ የሚመጣውን ወርቅና ቡና ሲያመላልሱ የኖሩት ሙስሊም ነጋዴዎች፣ ጋቢያችንን የሸመኑልን ሙስሊም ሸማኔዎች ርስት አልነበራቸውም። «ሰማይ ዓምድ የለው፣ እስላም አገር የለው» እየተባለባቸው ነው የኖሩት። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. እስኪወጣ ድረስ እንዲህ ነበር። ይህን ተረት ዛሬ ላይቭ ላይ ስትደግሙት ስሰማ አፍራለሁ።

ደግሞም ቁጥሩን ዕወቁት። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ በምሥራቅ ጎጃም ሙስሊሙ ከመቶ ሦስት እጅ አይሞላም። እናንተ ስለ ሳዑዲና ስለ ኢራን እያሰባችሁ የምትወረውሩት ቃል የሚያርፈው ሞጣ ገበያ ላይ ጨርቅ የሚሸጠው ሰው ላይ ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሞጣ ላይ በቤተ ክርስቲያን እሳት ታየ መባሉን ተከትሎ መስጊዶች ተቃጠሉ፣ የሙስሊሞች ሱቆች ተዘረፉ። ሱቃቸው የተዘረፈባቸው ሰዎች ከእኛ ጋር ዕቁብ የጠጡ፣ ለሠርጋችን የተጠሩ፣ እኛም ለእነሱ ብለን ሙስሊም አራጅ ያስመጣንላቸው ጎረቤቶች ናቸው። በዚያ ቀን ከዘራፊዎቹ መካከል የነበረው ልጅ ስልኩን ከፍቶ የሚሰማው የማንን ድምፅ እንደሆነ አስቡት።

ስለ ሕጉ በአጭሩ። እንግሊዝና ዌልስ ሃይማኖት መስደብን የሚከለክለውን ሕግ በ2008 እ.ኤ.አ. ሰርዘዋል፤ ዴንማርክ ግን በ2023 ቁርአንን ጨምሮ ቅዱሳት መጻሕፍትን በአደባባይ ማቃጠልን ከልክላለች። ኢትዮጵያ ውስጥ የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። እናንተ ባትጠየቁበት ቪዲዮውን እዚህ ያጋራው ያክስታችሁ ልጅ ሊጠየቅበት ይችላል።

ስለዚህ ጥያቄ ካላችሁ ለሰው ፊት ለፊት አቅርቡት። ባላችሁበት ከተማ መስጊድ አለ፤ ኢማሙን ቀጠሮ ጠይቁና ስለ ከሃዲ ብይን፣ ስለ ሴት ልጅ መብት፣ ስለ ውሻውም ጠይቋቸው። የማይመቸውን ጥያቄ ጠይቁ፤ እሳቸውም ስለ እኛ የሚጠይቁት አይጠፋምና ተዘጋጅታችሁ ሂዱ። አገር ቤት ደግሞ መስጊድ ወይም ደብር ተቃጠለ የሚል ወሬ የደረሳችሁ ቀን፣ ላይቭ ከመክፈታችሁ በፊት እዚያው ከተማ ላለ አንድ ክርስቲያንና ለአንድ ሙስሊም ደውሉ። የሙስሊም ስልክ ከሌላችሁ ለእኔ ጻፉልኝ፤ የማውቃቸው ሰዎች ከፈቀዱ አገናኛችኋለሁ።