ኪሳችሁ ባዶ ሆኖ ለምትማሩ ልጆቼ

ውድ ልጆቼ፣

ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ተማሪ ሲጠሩ የሚያወጡት ማስታወቂያ ከዓመት ዓመት እምብዛም አይለወጥም፤ የትምህርት ማስረጃችሁን ዋናውንና ኮፒውን፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ትጥቅ ይዛችሁ ኑ ይላል። ስለ ሳሙና፣ ስለ ሞዴስ፣ ስለ ኮፒ፣ ስለ ትራንስፖርትና ስለ ሞባይል ዳታ ግን አንዳች አይናገርም። ከሃያ አምስት ዓመት በላይ በሂሳብ ሥራ ላይ የቆየሁ ሰው ነኝ፤ በእኔ ዘመንም ሆነ በልጆቼ ዘመን ጎበዝ ተማሪ ሲደናቀፍ ያየሁት አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ ጥቃቅን ወጪዎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ችግሩን ለመናገር በማፈሩ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁም እኔ ራሴ በዚያው መንገድ ስላለፍኩ ነው።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ መኝታና ምግብ አለው፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ከ1996 ዓ.ም ወዲህ ባለው የወጪ መጋራት አሠራር መሠረት ውል ትፈርማላችሁ፤ የምግቡና የመኝታው ወጪ፣ እንዲሁም ከትምህርቱ ወጪ የተወሰነው፣ ከተመረቃችሁ በኋላ የምትከፍሉት ዕዳ ሆኖ በስማችሁ ይመዘገባል። ብዙ ተማሪ ይህን ወረቀት ሳያነብ ይፈርማል። እናንተ ግን የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ፤ የፈረማችሁበትንም ኮፒ ከዲግሪያችሁ እኩል ጠብቁት። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ 22 ብር የነበረው በጀት በ2017 ዓ.ም ወደ 100 ብር ከፍ ተደርጓል፤ ኖን ካፌ ለመሆን፣ ማለትም በግቢው ካፌ ላለመመገብ፣ የሚመርጥ ተማሪ የምግቡን ገንዘብ በወር በወር በእጁ ይቀበላል። ገንዘቡን በእጅ ማየት ያጓጓል፤ ሆኖም 100 ብር ዛሬ በከተማ ምግብ ቤት ሦስት ጊዜ አያበላም። ከጓደኞቻችሁ ጋር ተባብራችሁ ከግቢ ውጭ ኮንትራት የምትመገቡበት ቤት እስክታገኙ ድረስ፣ ቢያንስ የመጀመሪያውን ሴሚስተር፣ ከካፌ አትውጡ።

እኔ በ1987 ዓ.ም ከደብረ ማርቆስ ስድስት ኪሎ ስገባ እናቴ በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥራልኝ ነበር፤ አባቴ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ በሚመጣ ሰው እጅ በየወሩ 30 ብር ይልክልኝ ነበር። በሁለተኛው ዓመት አባቴ ታመመና ብሩ ቀረ። ለማንም አልተናገርኩም። ሀንድአውት ኮፒ የማስነሳበት ስላልነበረኝ የዶርም ጓደኛዬ ሲተኛ የእሱን ተውሼ በኮሪደሩ መብራት ሥር ቁጭ ብዬ በእጄ እገለብጥ ነበር፤ ለምን ኮፒ እንደማላስነሳ ሲጠይቀኝም በእጄ ስጽፈው በደንብ ይገባኛል እል ነበር። ቀጥሎ መርካቶ ውስጥ በአንድ ሱቅ የቀኑን ሽያጭ በምሽት የመመዝገብ ሥራ አገኘሁ። ሦስት ወር ሠርቼ የተከፈለኝ የአንዱ ወር ብቻ ነው። ሥራውን ስጀምር ደመወዙን አፍ አውጥቼ አልተነጋገርኩም፣ ሲዘገይም ይሉኝታ ይዞኝ አልጠየቅኩም፤ በዚያው ሴሚስተር ውጤቴ ወርዶ ዋርኒንግ ተሰጠኝ።

ወረቀቱን ይዤ ወደ አማካሪ መምህሬ ገባሁ። ሰውዬው ጽሑፉን ካነበቡ በኋላ መነጽራቸውን አውልቀው «ምሳህን በልተሃል?» አሉኝ። ስለ ውጤቴ ይጠይቁኛል ብዬ ብዙ መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ ለዚህ ጥያቄ ግን መልስ አልነበረኝም። ሁሉንም ነገርኳቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሽሮ ሜዳ አካባቢ የዘጠነኛ ክፍል ልጃቸውን በሒሳብ የሚያስጠናላቸው ሰው ከሚፈልጉ ቤተሰቦች ጋር አገናኙኝ፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በወር 80 ብር። አንድ ዓመት ሙሉ የደበቅሁት ችግር መፍትሔው ከዶርሜ የሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ ላይ ነበር።

ስለዚህ ችግራችሁን ገና ሲጀምር ተናገሩ። ለአማካሪ መምህራችሁ፣ ለተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት፣ ሴቶች ልጆቼ ደግሞ ለሥርዓተ ፆታ ጽሕፈት ቤት ንገሩ፤ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይህ ቢሮ አቅም ለሌላቸው ሴት ተማሪዎች የተወሰነ ድጋፍ ያደርጋል። ከቀበሌ ወይም ከወረዳ የቤተሰባችሁን አቅም የሚገልጽ ደብዳቤ የሚጠይቁ ስላሉ ከቤት ሳትወጡ አጽፋችሁ ያዙ። መሀል ሴሚስተር ላይ ለአንድ ወረቀት አገር ቤት መመለስ ከወረቀቱ ጥቅም በላይ ያስወጣችኋል።

ማስጠናት አሁንም ለተማሪ የሚስማማ ሥራ ይመስለኛል፤ የምትሸጡት የምታውቁትን ነው፣ ሰዓቱም የተወሰነ ነው። ነገር ግን ውሉን አጥብቁ። በሳምንት ስንት ቀን፣ በቀን ስንት ሰዓት፣ ክፍያው በወሩ መጀመሪያ ነው ወይስ መጨረሻ፣ ልጁ ሲታመም ወይም ቤተሰቡ ክፍለ ሀገር ሲሄድ ሂሳቡ እንዴት ይሆናል የሚለውን በመጀመሪያው ቀን፣ ሻይ ከመቅረቡ በፊት ተነጋገሩ። ሻይ ከቀረበ፣ ዳቦ ከተቆረሰ በኋላ ስለ ብር ማንሳት ለኢትዮጵያዊ ልጅ ከባድ ነው፤ እኔ አውቀዋለሁ። በአገናኝ በኩል ከሆነ ከመጀመሪያው ወር ደመወዝ ምን ያህል እንደሚወስድባችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሴት ልጅ ከሆናችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደማታውቁት ቤት ብቻችሁን አትሂዱ፤ በቀን ሂዱ፣ አድራሻውንም ለዶርም ጓደኛችሁ ትታችሁ ውጡ። የቤቱ ሁኔታ ካላማራችሁ ክፍያው ምንም ያህል ቢሆን ተዉት።

ሌላም ሥራ አለ። በዶርም ውስጥ ሹሩባ የምትሠራ፣ ፀጉር የሚቆርጥ፣ ስልክ የሚጠግን፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚተይብ ተማሪ አውቃለሁ፤ አንዳቸውም በዚህ ሊያፍሩ አይገባም፣ የሚያፍርባቸውም ሰው ጓደኛ አይደለም። ከሁለት ነገር ግን ራቁ። አንደኛው የስፖርት ውርርድ ነው፤ የወሩን የምግብ ብር በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጨርሶ ከጓደኞቹ ሳህን የሚበላ ልጅ አይቻለሁ፣ አንገቱን ደፍቶ ሲጎርስ ማየት ያማል። ሁለተኛው በስልካችሁ እየመጣ ትንሽ ብር አስገቡ፣ ሰው ጋብዙ፣ በየቀኑ ትርፍ እንከፍላችኋለን የሚለው ነው። ሂሳቡን እንደ ሙያዬ ላስረዳችሁ፦ የሚሸጥ ዕቃም የሚሰጥ አገልግሎትም ከሌለ ዛሬ ለእናንተ የተከፈለው ትርፍ ነገ የሚገባው ልጅ ያስገባው ብር ነው፤ የሚገባ ሰው ያነሰ ቀን መተግበሪያው ይዘጋል፣ እናንተ የጋበዛችኋቸው ጓደኞቻችሁም ብራቸውን ከእናንተ ይጠይቃሉ።

በማስጠናቱ ሥራ የመጀመሪያውን ደመወዝ ስቀበል አንዲት ቀጭን ደብተር ገዛሁ። በግራ በኩል የገባውን፣ በቀኝ በኩል የወጣውን ማታ ማታ እጽፍ ነበር፦ ሳሙና፣ አውቶቡስ፣ የጫማ መስፊያ፣ ኮፒ። በወሩ መጨረሻ ስደምረው ብሬን የጨረሰው ሻይና አውቶቡስ ነው ብዬ ሳስብ፣ ኮፒው ብቻውን ከሌሎቹ ድምር በለጠ። በማግሥቱ ለሦስቱ የዶርም ጓደኞቼ ደብተሩን ከፍቼ አሳየኋቸውና አንድ ኮፒ ለአራት እያነሳን በተራ ለማንበብ ተስማማን፤ ያን ጊዜ ነው ከአራታችን ሦስታችን በኮሪደሩ መብራት ሥር ስንገለብጥ እንደኖርን የተነጋገርነው። እናንተ በስልካችሁ ጻፉት፤ በቴሌብር የከፈላችሁት በመልእክት ስለሚደርሳችሁ ድምሩ ከእኔ ጊዜ ይልቅ ይቀላል። ወሩ ሲያልቅ ደግሞ ለብቻችሁ አትደምሩት፤ አብራችሁ ከምትኖሩት ልጆች ጋር አንድ ማታ ቁጭ ብላችሁ ደምሩት።