«ዕዳ ክፍል ገብቼ ምን እማራለሁ?»

ውድ እህቴ፣

በአካውንቲንግና ፋይናንስ ተመርቀሽ ሁለት በር ተከፍቶልሻል። አንዱ ገንዘብ ሚኒስቴር፣ የዕዳ አስተዳደር ላይ በጀማሪ ባለሙያነት፤ ሌላው ደመወዙ የተሻለ የግል ባንክ ቅርንጫፍ። አባትሽ «ባንክ ግቢ» ይላሉ። እኔን የከነከነኝ ግን «አገሪቱ ዕዳዋን መክፈል አቅቷት፣ ዕዳ ክፍል ገብቼ ምን እማራለሁ?» ያልሽው ነው።

ሥራው የሚበዛው እኮ ክፍያ ሲቆም ነው። በ2007 ዓ.ም. የተሸጠው የ1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮ ቦንድ (መንግሥት ከውጭ ባለሀብቶች በዶላር የተበደረበት ሰነድ) በታኅሣሥ 2016 የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለዱ ሳይከፈል ቀረ። ከአበዳሪ መንግሥታት ጋር የ8.4 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ አከፋፈልን ለማሸጋሸግ በመርህ ደረጃ ስምምነት የተደረሰው በ2017 ነው። ለእንዲህ ያለ ሽግሽግ የእያንዳንዱ ብድር ቀሪ ሒሳብ ከአበዳሪው መዝገብ ጋር ተመሳክሮ መግጠም አለበት። ሙያው የሚገኘው እዚያ ነው።

ከመወሰንሽ በፊት ራስሽን ፈትሺ። ኤክሴል ክፈቺና የአንድ ብድር የክፍያ ሰንጠረዥ ሥሪ፦ 10 ሚሊዮን ዶላር፣ 2 በመቶ ወለድ፣ 20 ዓመት፣ የመጀመሪያው 5 ዓመት የችሮታ ጊዜ፣ ክፍያው በየ6 ወሩ። ዋናው ብድር በቀሪው 15 ዓመት ውስጥ ላሉት 30 ክፍያዎች ይካፈላል፤ በየጊዜው 333,333 ዶላር። ችሮታው ለዋናው ብቻ ነው፤ ወለዱ ከመጀመሪያው ግማሽ ዓመት ጀምሮ ይከፈላል። ጀማሪ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ቀጥሎ ውሉ ቀን እንዴት እንደሚቆጥር እዪ። በደፈናው ግማሽ ዓመት ካልሽ ወለዱ 100,000 ዶላር ነው፤ ውሉ 184 ቀን ለ360 ተካፍሎ ይታሰብ ካለ ግን 102,222 ይሆናል። በዚህች 2,222 ዶላር ሰበብ ሁለት መዝገብ ለወራት ሳይገጥም ይቀራል። ወለድ የሚታሰበው በተለቀቀው ገንዘብ ላይ እንጂ በተፈረመው ሙሉ ብድር ላይ አይደለም። በኤስዲአር (የዓለም የገንዘብ ድርጅት በበርካታ ገንዘቦች ቅርጫት ላይ ተመሥርቶ በሚተምነው መለኪያ) የተፈረመ የዓለም ባንክ ብድርም በኤስዲአር ይመዝገብ፤ ዶላር አድርገሽ ካስገባሽው ምንዛሪ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቀሪው ይዛባል። ይህን ስትሠሪ ሰዓቱ ካልታወቀሽ ቦታሽ ዕዳ ክፍል ነው። ከሰለቸሽ ደመወዝ ቢጨመርልሽም አትቆዪም።

ስለ አባትሽ በግልጽ ልናገር። የታናናሾችሽን የትምህርት ቤት ክፍያ ገና ባልተቀበልሽው ደመወዝ ላይ መጫናቸው ልክ አይደለም። የምትኖሪው ከእነሱ ጋር ከሆነ በየወሩ የምትሰጪውን ቁርጥ ያለ መጠን ንገሪያቸው፤ ከዚያ በላይ ቃል አትግቢ። ቤት ተከራይተሽ የምትኖሪ ከሆነ ግን ባንኩን ያዢ፤ የጀማሪ የመንግሥት ደመወዝ የአዲስ አበባን ኪራይ አይችልም። ያኔም ከመፈረምሽ በፊት ወደ ትሬዠሪ ክፍል (የባንኩን የራሱን ገንዘብ ወደሚያስተዳድረው) መዛወር ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። ባንኮች መንግሥት ለአጭር ጊዜ የሚበደርበትን የ91 እና የ364 ቀን የግምጃ ቤት ሰነድ ጨረታ የሚጫረቱት በዚያ በኩል ነው፤ የመንግሥትን ብድር ከገዢው ወገን ሆነሽ ትማሪዋለሽ።

ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ካሰብሽ ለሁለት ዓመት አቆዪው። ውሎቹ የሚጻፉበት እንግሊዝኛም አያስጨንቅሽ፤ የብድር ውል ቃላቱ ተደጋጋሚ ናቸው። የዓለም ባንክ ከኢትዮጵያ ጋር የተፈራረማቸውን ውሎች በድረ ገጹ ያወጣል። አንዱን አውርጂና ሰንጠረዡን በእሱ ሥሪ፤ የመክፈያ መርሐ ግብሩ ከውሉ ጋር ስለሚያያዝ መልስሽን ታመሳክሪበታለሽ።