የተቆለፈ ስክሪን ባዶ ወንበር አይደለም

ውድ ልጆች፣

ደሴ ክረምቱ ገብቷል። የጦሳ ተራራ ከጠዋት ጀምሮ ጉም ውስጥ ነው፣ አይታይም። እኔም ጋቢዬን ደርቤ ቤት ቁጭ ብያለሁ። እንዲህ ያለ ቀን ለደብዳቤ ይመቻል።

በቀደም ከናንተ አንዱ "ጋሼ፣ የሎጊን ስክሪኑን ከተርሚናል እንዴት ነው የምንቆጣጠረው?" ብሎ ጠይቆኝ ነበር። የሊነክስን ማለቱ ነው። ሎጊን ስክሪን ስንገባ ስምና ፓስወርድ የሚጠይቀን ገጽ ነው፤ ተርሚናል ደግሞ ለማሽኑ ትእዛዝ በጽሑፍ የምንሰጥበት መስኮት። ትእዛዙን በሁለት መስመር ጽፌ ልገላገል እችል ነበር። ግን እኔም ወጣት ሳለሁ ትእዛዙን ብቻ ነበር የማውቀው። ያዋረደኝም እሱ ነው። ከዚያ ልጀምር።

የሆነው እዚሁ ደሴ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ስም ይቅር። አንድ ኮምፒውተር ሁለት ሰው ይጋራው ነበር። አንደኛዋ የሒሳብ ሠራተኛ ነበሩ፤ በዕድሜ ከፍ ያሉ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው። ሌላው ገና የተቀጠረ ልጅ ነው። የወር መጨረሻ ነበር። እትዬ ከጠዋት ጀምረው የደመወዝ ሰንጠረዥ ሲሞሉ ቆዩ። ከዚያ ስክሪኑን ቆልፈው ለምሳ ወጡ። ልጁ መጣና "ሌላ ተጠቃሚ" የሚለውን ተጭኖ በራሱ ስም ገባ። ብዙም ሳይቆይ ስክሪኑ ደረቀበት። ማውሱ አይንቀሳቀስም። ሮጦ እኔ ክፍል መጣ።

እኔ ከወንበሬ እንኳ አልተነሳሁም። ከራሴ ማሽን በኤስኤስኤች (ሌላ ማሽን ውስጥ ከሩቅ ሆኖ በተርሚናል መግቢያ ነው) ገባሁና "ሱዱ ሲስተምሲቲኤል ሪስታርት ዲስፕሌይ-ማናጀር" ብዬ ጻፍኩ። በአስተዳዳሪ ሥልጣን የመግቢያውን ፕሮግራም አጥፍተህ አስነሳ ማለት ነው። ሴኮንዶች አልፈጀም። ልጁ "እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ" ብሎ ሄደ። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

እትዬ 8 ሰዓት ላይ ተመለሱ። ፓስወርዳቸውን አስገቡ። ዴስክቶፑ ባዶ ነው። ሴቭ ያደረጉት ጠዋት አንዴ ብቻ ነበር። ፕሮግራሙ በራሱ ካስቀመጠው የተረፈው ሩቡን አይሞላም። ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ትንሽ ዝም ብለው "አብሽር፣ እንሞላዋለን" አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት እሳቸው እያነበቡ እኔ እየጻፍኩ ተቀመጥን። መሃል ላይ መብራት ሄዶ መጣ። አትጠይቁኝ፣ ያን ማታ በየመስመሩ ነበር ሴቭ የማደርገው።

ያልገባኝ ነገር ምን ነበር? ስማችሁንና ፓስወርዳችሁን የሚጠይቃችሁ ገጽ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ነው። ዲስፕሌይ ማናጀር ይሉታል። ሐሳቡ የቆየ ነው። ኤክስዲኤም የሚባለውን ኪት ፓካርድ ጽፎት እ.ኤ.አ. በ1988 ወጣ። ዛሬ ኡቡንቱ በሚባለው የሊነክስ ዓይነት ላይ ያለው ጂዲኤም ነው። ኡቡንቱ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2017 ላይትዲኤምን ይጠቀም ነበር፤ ሊነክስ ሚንት ላይ አሁንም እሱን ታገኙታላችሁ። ኬዲኢ የሚባለውን ዴስክቶፕ የምትወዱ ደግሞ ኤስዲዲኤምን ታውቁታላችሁ።

እኔ ይሄ ፕሮግራም ሰውን አስገብቶ ሥራው የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር። አያልቅም። ከገባችሁም በኋላ ከኋላ ሆኖ ይቆያል። እሱን ሪስታርት ስታደርጉት በእሱ በኩል የገቡት ሁሉ አብረውት ይወድቃሉ። ስክሪኑን ቆልፎ የወጣውም ጭምር። ሰውየው ምሳ ቤት ነው፣ ሥራው ግን ማሽኑ ውስጥ እንደተከፈተ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ተርሚናል ላይ የሚጻፈውን ሁሉ ለሁለት እከፍለዋለሁ፤ የሚጠይቅና የሚያዝ። (ትእዛዞቹን እዚህ የምጽፈው በአፋችን እንደምንጠራቸው ነው። ማሽኑ ላይ በላቲን ፊደል እንደምትጽፏቸው ታውቃላችሁ።)

"ሲስተምሲቲኤል ስታተስ ዲስፕሌይ-ማናጀር" ይጠይቃል። ፕሮግራሙ እየሠራ ነው ወይስ ወድቋል? ዲስፕሌይ-ማናጀር የወል ስም ስለሆነ፣ ከጀርባው ያለው ጂዲኤም ይሁን ላይትዲኤም መልሱ ላይ ታዩታላችሁ። "ጆርናልሲቲኤል" ላይ ሰረዝ ቢ ብትጨምሩበት ማሽኑ ከተነሳ ጀምሮ የሆነውን ይተርክላችኋል። ረጅም ነው፣ አሰልቺ ነው፣ ግን አይዋሽም። የኔ ተወዳጅ "ሎጊንሲቲኤል ሊስት-ሴሽንስ" ነው። ማን ማን ገብቷል ብሎ ይጠይቃል። ያን ቀን ይህችን አንዲት መስመር ብጽፍ ኖሮ ከኔው ሌላ የሁለቱም ስም ይወጣልኝ ነበር። ከዚያ "ሎጊንሲቲኤል ተርሚኔት-ሴሽን" ብዬ ከልጁ ስም ጎን የወጣውን ቁጥር ብቻ እሰጠዋለሁ። የሱ ይዘጋል። የእትዬ ሰንጠረዥ እንደተቆለፈ ይጠብቃቸዋል።

ሪስታርት፣ ስቶፕ፣ ተርሚኔት ያዛሉ። እነዚህን ከመጻፋችሁ በፊት ቢያንስ አንድ ጥያቄ ጠይቁ።

ባለፈው ደግሞ ከኮምቦልቻ አንድ ልጅ ደወለልኝ። የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት ያደርጋል።

"ጋሼ፣ ማሽኔ አበደ። ፓስወርዱን ይቀበለኝና ጥቁር ብሎ መልሶ እዚያው ያመጣኛል። ፍላሹን ሰክቻለሁ፣ ፎርማት ላደርገው ነው።"

"የሰዎቹ ሰርግ የት ነው ያለው?" አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ "እዛው ላይ" አለኝ።

ፎርማት የሚለው ቃል በኛ ሙያ ረክሷል። አንዳንዴ ያስፈልጋል፣ አልክድም። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ3ን አንድ ላይ ተጫን አልኩት። ላፕቶፕ ላይ ኤፍኤን የምትለዋም ልትጨመር ትችላለች። ጽሑፍ ብቻ ያለው ጥቁር ስክሪን መጣለት። ስሙን ጻፈ። ፓስወርዱ ላይ ሲደርስ "ጋሼ፣ ኪቦርዱም ሞቷል!" ብሎ ጮኸ። አልሞተም። እዚያ ቦታ ፓስወርድ ሲጻፍ ኮከብ እንኳ አይታይም። ጽፈህ ኢንተር በል አልኩት። ገባ። ይኼኔ ፓስወርዱም ሲስተሙም ደህና መሆናቸውን አወቅን። የታመመው ከላይ ያለው ነው።

"ዲኤፍ ሰረዝ ኤች" አስጻፍኩት፤ ዲስኩ ምን ያህል እንደሞላ የሚጠይቅ ነው። ሆም፣ ማለትም የተጠቃሚው ፋይሎች የሚቀመጡበት ፎልደር፣ ያለበት ዲስክ 100 ፐርሰንት ሞልቷል። ዴስክቶፑ ሲነሳ የሚጽፋቸው ጥቃቅን ፋይሎች አሉ። የሚጽፍበት ቦታ ሲያጣ ይወድቃል፣ ሰውየውም ተመልሶ መግቢያው ገጽ ላይ ይገኛል። ሁለት ጊዜ የተቀዳ አንድ ትልቅ ፎልደር ነበረው። ሁለቱም ሙሉ መሆናቸውን አመሳክሮ አንዱን አጠፋ። በኮንትሮል አልት ኤፍ1 ወደ መግቢያው ተመለሰና ገባ። ስልኩን ሊዘጋ ሲል "ፍላሹን አውጣው እንጂ" አልኩት።

ያው ምልክት ሌላ ምክንያትም ሊኖረው ይችላል። አንዳንዱ ሰው ግራፊክሱን በሱዱ "ስታርትኤክስ" ብሎ ያስነሳል። ያን ጊዜ ሆም ውስጥ ያለችው ኤክስኦቶሪቲ የምትባል የተደበቀች ፋይል ባለቤቷ ሩት (ሁሉ የሚፈቀድለት የማሽኑ አስተዳዳሪ) ሆኖ ሊቀር ይችላል። የራሳችሁን ፋይል መጻፍ ትከለከላላችሁ። "ኤልኤስ ሰረዝ ኤልኤ" ብላችሁ ባለቤቱን እዩ፣ በ"ቻውን" ወደ ስማችሁ መልሱት።

ኪቦርዱም ማውሱም ከደረቀ የሚያዋጣው ከሌላ ማሽን በኤስኤስኤች መግባት ነው። ከስልክም ይሆናል። ችግሩ፣ ኡቡንቱ ዴስክቶፕ ሲጫን የኤስኤስኤች ሰርቨሩ አብሮ አይመጣም። ዛሬ ማሽኑ ደህና ሳለ ጫኑት።

"ስቶፕ" የሚለውን ደግሞ ዴስክቶፑ ላይ በከፈታችሁት ተርሚናል አትጻፉ። ተርሚናሉ ራሱ ግራፊክሱ ላይ ነው የቆመው፣ አብሮ ይጠፋል። መጀመሪያ በኤፍ3 ወደ ጥቁሩ ስክሪን ሂዱ።

እኔ ቤት አንድ ያረጀ ማሽን አለ። ራሙ ትንሽ ስለሆነ "ሲስተምሲቲኤል ሴት-ዲፎልት መልቲ-ዩዘር ታርጌት" ብዬ ያለ ግራፊክስ እንዲነሳ አድርጌዋለሁ። የልጅ ልጄ ስትመጣ ስዕል ማየት ስለምትፈልግ "ሲስተምሲቲኤል ስታርት ዲስፕሌይ-ማናጀር" እላለሁ። ስትሄድ ስቶፕ። መልቲ-ዩዘር የሚለውን በግራፊካል ከተካችሁት እንደ ድሮው በግራፊክስ ይነሳል።

ያለ ፓስወርድ እንዲገባ ማድረግም ይቻላል፣ ጂዲኤም ላይ ከስተም ኮንፍ የምትባለው ፋይል ውስጥ ነው። ብቻችሁን የምትጠቀሙበት ማሽን ላይ እንደፈለጋችሁ። የጋራ ማሽን ላይ ግን አታስቡት።

ስለ መቆለፍ አንድ ነገር ቀረኝ። "ሎጊንሲቲኤል ሎክ-ሴሽንስ" የሁሉንም ስክሪን ባንዴ ይቆልፋል፤ ለቢሮ ጥሩ ነው። መክፈቻም አለው፣ "አንሎክ-ሴሽን" ይባላል። ሩት የሆነ ሰው ኖም በሚባለው የኡቡንቱ ዴስክቶፕ ላይ የማንንም የተቆለፈ ስክሪን ያለ ፓስወርድ በሱ ይከፍተዋል። ይህን ሲሰማ ዓይኑ የሚያበራ ልጅ አይቼ አውቃለሁ።

አንድ ቀን ቢሮ ቡና ተፈልቶ አቦሉን ጠጥተን ቶናው ሳይደርስ፣ አንድ ኃላፊ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ የአንድ ሠራተኛ ስክሪን እንድከፍትለት ጠየቀኝ። ሠራተኛው ወልድያ ለቅሶ ሄዶ ነበር። ፋይል ፈልጎ ቢሆን ኖሮ ደውሎ መጠየቅ ይችል ነበር። ፋይል አልፈለገም። ልጁ ከማን ጋር ምን እንደሚጻጻፍ ነው ማየት የፈለገው።

"አይቻልም፣ ያለ ፓስወርዱ አይከፈትም" አልኩት። አመነኝና ቡናውን ጠጥቶ ሄደ።

ዋሽቼው ነው። ይቻላል። "አልከፍትም" ማለት ነበረብኝ፣ ያን ቀን ግን ወኔው አልነበረኝም።