«ከሁሉም የሚበልጠው ማነው?» እያላችሁ ለምትከራከሩ ልጆች

እናንተ ልጆች ስለ አሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ስትሟገቱ ስሰማ ዝም ብዬ ማለፍ ያቅተኛል። ዕድሜዬን በስፖርት ዜና ላይ ስለጨረስኩ ነው መሰለኝ። ሰሞኑን የያዛችሁት የፓክ 12 ኮንፈረንስን፣ ማለትም እርስ በርስ የሚወዳደሩ የምዕራብ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን ማኅበር፣ ነው። በ2024 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) አሥር ዩኒቨርሲቲዎች ጥለውት ከወጡ ወዲህ «በታሪኩ ምርጡ ስፖርተኛ ማን ነበር?» እያላችሁ ደረጃ ታወጣላችሁ። አውጡ፣ ደስ ይላል። ግን አስቀድማችሁ ምን እንደምትቆጥሩ ተነጋገሩ።

የነጥብ ድምር ብቻ ከቆጠራችሁ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹን ሉ አልሲንዶርን፣ በኋላ ካሪም አብዱል ጀባር የተባለውን፣ ትበድሉታላችሁ። በዘመኑ የአንደኛ ዓመት ተማሪ በዋናው ቡድን አይሰለፍም ነበር። በኖቬምበር 1965 የእሱ ዩኒቨርሲቲ፣ የሎስ አንጀለሱ ዩሲኤልኤ፣ ጀማሪዎች ከራሳቸው ዋና ቡድን ጋር ተጋጠሙ። ዋናው ቡድን ሁለት ዓመት በተከታታይ የአገሪቱን ዋንጫ የወሰደ ነው። ጀማሪዎቹ 75 ለ 60 ረቱት፤ 31ዱን ነጥብ ያስቆጠረው አልሲንዶር ነበር። ይሄ በይፋዊ ድምሩ ውስጥ የለም። በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት ቡድኑ 88 ጨዋታ አሸንፎ በሁለት ብቻ ተሸነፈ፤ ሦስት ዋንጫም አነሳ። መሃል ላይ ደግሞ ዳንክ፣ ዘሎ ኳሷን ከላይ ቅርጫቱ ውስጥ መክተት፣ ተከለከለ። ሕግ ተቀይሮበትም አልተቻለም።

የቅርጫት ኳሷ ሼሪል ሚለርስ? ከሌላው የሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ ከዩኤስሲ ጋር በ1983 እና በ1984 የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆናለች። ኮንፈረንሱ ግን የሴቶችን ውድድር የጀመረው እሷ ከተመረቀች በኋላ፣ በ1986 ነው። በወረቀት ከሄድን ያን የመሰለች ተጫዋች ከዝርዝሩ ልትወጣ ነው። ይሄ ለእኔ አይዋጥልኝም።

ሩጫ ላይ ስትደርሱ ብዙዎቻችሁ የኦሪገኑን ስቲቭ ፕሪፎንቴንን ታስቀድማላችሁ። ጎበዝ ነበር፣ አልክድም። እኔ ግን የዋሽንግተን ስቴቱን ኬንያዊ ሄንሪ ሮኖን እመርጣለሁ። በ1978 ገና ተማሪ ሳለ በ81 ቀን ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፦ 5 ሺህ፣ 3 ሺህ መሰናክል፣ 10 ሺህ እና 3 ሺህ ሜትር። አራት የተለያየ ርቀት እኮ ነው! «ኦሊምፒክ ላይ የለም» ትሉኛላችሁ። በ1976ም በ1980ም አገሩ ስላልተሳተፈች ነው። እኛም የ1976ቱ ደርሶብናል፤ ምሩፅ ይፍጠር ሞንትሪያል ደርሶ ሳይሮጥ ተመልሷል። ልዩነቱ፣ ምሩፅ ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ አግኝቶ ተካሰ፤ ሮኖ ያ ዕድል አልገጠመውም።

ሌላም አለ፤ ከኮሌጅ በኋላ የተሠራው ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ጃኪ ሮቢንሰን በዩሲኤልኤ አራት ስፖርት ተጫውቷል። በ1940 በርዝመት ዝላይ የኮሌጆች ሻምፒዮን ነበር። ዓለም ያወቀበት ቤዝቦል ግን ያኔ ደካማው ስፖርቱ ነበር። ስለዚህ አንዱ «ሮቢንሰን አንደኛ ነው» ሲል ሌላው «አሥር ውስጥም አይገባም» ካለ፣ ምናልባት የተለያየ ነገር እየቆጠሩ ይሆናል።

የእኔን ከጠየቃችሁኝ፣ የኮሌጅ ዘመንን ብቻ ነው የምቆጥረው። አልሲንዶር አንደኛ፣ ሮኖ ሁለተኛ፣ ሚለር ሦስተኛ። ሚለርን በወረቀት ምክንያት አስወጣለሁ የሚል ካለ፣ እሱ ጋ ሙግቴን አልጨረስኩም።