ከባንከር አልወጣ ስላለህ የጎልፍ ኳስ

ኳሱ አንዴ እዚያው ባንከሩ (አሸዋ የተሞላው ጉድጓድ) ውስጥ የሚቀረው፣ አንዴ ደግሞ ግሪኑን (ቀዳዳው ያለበትን አጭር ሣር) ተሻግሮ የሚበረው በአንድ ምክንያት ነው፤ ኳሱን ራሱን ለመምታት ትሞክራለህ። መምታት ያለብህ ከኳሱ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ያለውን አሸዋ ነው።

1. የሳንድ ዌጁን (ለአሸዋ የሚሆነውን ዱላ) ፊት፣ ማለትም ኳስ የሚመታበትን ገጽ፣ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ክፈት፣ ከዚያ እጀታውን ያዝ። ከያዝክ በኋላ ከከፈትከው፣ ስትመታ አንጓህ ሲመለስ ፊቱም አብሮ ይዘጋል። (ግራኝ ከሆንክ ሁሉንም ገልብጠው።)

2. ኳሱ በግራ ተረከዝህ ትይዩ ይሁን። ጫማህን ትንሽ ቅበር፣ ክብደትህን ወደ ግራ እግርህ አድርግ።

3. አሸዋውን መትተህ አትቁም። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አሸዋ ጉልበት ስለሚበላ ለ10 ሜትር እንኳ ሰፊ ስዊንግ (የዱላ ውርወራ) ያስፈልጋል። ዱላው ትከሻህ ላይ ይጨርስ።

ለልምምድ አሸዋው ላይ መስመር አስምርና ያለ ኳስ መስመሩን ብቻ ምታ። ውድድር ላይ ግን በሙከራ ስዊንግ አሸዋውን ከነካህ 2 ምት ትቀጣለህ።

አሸዋው እርጥብ ወይም ጠጣር ከሆነ ፊቱን ይህን ያህል አትክፈተው። የዱላው ወፍራም ሥር መሬቱ ላይ ይነጥርና ስለቱ የኳሱን ወገብ ያገኘዋል፤ ያኔ ኳሱን ከግሪኑ ማዶ ነው የምትፈልገው።